ደብዳቤ ከለገሀር ወዲያ

ስለ ፖስታ ነገር የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያነሣል፤ ወይ የቴምብሩን ውበት ያደንቃል፤ ወይ የፖስታ ቤቱን ሕንፃ ትልቅነት ያወራል፤ ወይም በዚህ በስልክ ዘመን ፖስታ ያረጀ ያፈጀ ነገር ነው ብሎ ይስቃል። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁበት ጉዳይ ከሦስቱም የተለየ ነው። የአንድ አገር የፖስታ አገልግሎት የሚመዘነው ደብዳቤው በሚነሣበት ቦታ ሳይሆን በሚቆምበት ቦታ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የእኛም ፖስታ በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ከ130 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያለው አንጋፋ ሆኖ ሳለ፣ የጀመረውን መንገድ ከመካከሉ ላይ አቋርጦ እንደ ቆመ ይገኛል።

ለዚህ ነገር ማስረጃ ፍለጋ ብዙ አንድከም፤ ዋሂልን እንውሰድ። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። በዚያ አካባቢ ያለው ገበሬ ማሽላ ይዘራል፤ ዝናብ ሲቀርበት ይቸገራል፤ ለገበያውም ለጉዳዩም ዓይኑን ወደ ድሬዳዋ ከተማ ያቀናል። እንበልና አንድ የዋሂል ተወላጅ ወጣት በአዲስ አበባ እየተማረ ሳለ፣ ለአባቱ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ በአደራ ደብዳቤ ይልካል። ዋጋውን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ፣ ልቡን አሳርፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደብዳቤውም ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በሰላም ተጉዞ ድሬዳዋ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ይቆማል።

የሚቆምበት ምክንያት የታወቀ ነው። በአገራችን ደብዳቤ የሚታደለው በየቤቱ ደጅ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም የሚገኘው በፖስታ ቤት ነው። ገበሬው የራሱ ሣጥን ስለሌለው ደብዳቤው በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በሚያውቁት አንድ ነጋዴ ሣጥን በኩል ይላካል። እንግዲህ የሣጥኑ ባለቤት እስኪከፍተው፣ ከፍቶም የማን እንደ ሆነ እስኪያስታውስ፣ አስታውሶም ወደ ዋሂል የሚሄድ ታማኝ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ሰነዱ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። የአደራ ደብዳቤም ከሆነ ማንም አይቀበለውምና፣ አባትዬው መምጣቱን በወሬ ሰምቶ፣ መታወቂያውን ይዞ፣ ራሱ ወደ ከተማ መምጣት አለበት። ረጅሙን መንገድ በጥቂት ቀን የጨረሰ ደብዳቤ አጭሩን መንገድ በወር ላይጨርሰው ይችላል።

ይህን ዓይነቱን ችግር ዓለም ከእኛ በፊት አይቶታል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1832 ዓ.ም. ድረስ የደብዳቤ ዋጋ የሚሰላው በርቀት ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ከቤተ ሰቡ ርቆ ለሚኖር ድኻ የደብዳቤ መምጣት ደስታም ዕዳም ነበር፤ ገንዘቡን ካጣ ደብዳቤውን በዓይኑ አይቶ ይመልሰው ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባለው ሰው በ1829 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የፖስታ ትልቁ ወጪ ደብዳቤውን በመንገድ በማጓጓዝ ሳይሆን በመቀበል፣ በመመዝገብና በማደል ላይ መሆኑን በቁጥር አስረዳ። ስለዚህም በአገሩ ውስጥ ርቀት ሳይታይ ዋጋው አንድ ይሁን፣ እሱንም ላኪው አስቀድሞ ይክፈል አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሐሳቡ ሥራ ላይ ዋለ፤ የዓለም የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብርም በዚያው በ1832 ዓ.ም. ወጣ። ቴምብር ማለት እንግዲህ ጌጥ አይደለም፤ «የመንገዱ ዋጋ ተከፍሏል፤ ከተቀባዩ ምንም አትጠይቁ» የሚል የመንግሥት ቃል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቴምብራችን የሂልን ሐሳብ ተከትሎ የመጣ ነው፤ አሠራራችን ግን ከከተማው ጫፍ ሲወጣ ከሂል በፊት ወደ ነበረው ዘመን ይመለሳል። ላኪው የቴምብሩን ዋጋ ይከፍላል፤ ተቀባዩ የመንገዱን ዋጋ ይከፍላል። የዋሂል ገበሬ ደብዳቤውን ለመውሰድ የመኪና ዋጋ ያወጣል፤ ወይም በእግሩ ይመጣል፤ የእርሻ ቀኑን ያጣል፤ «ገና አልደረሰም» ከተባለም ባዶ እጁን ተመልሶ ሌላ ቀን ይመጣል። በርቀት የሚከፈለው የጥንቱ ዕዳ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ የእንግሊዙ ዕዳ በደብዳቤው ላይ ተጽፎ ይታይ ነበር፤ የእኛው ግን በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። የማይጻፍ ዕዳ ዕዳ መሆኑ አይቀርም፤ የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሆኖ ቀረ ቢባል መልሱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ፖስታ ከመቋቋሙ በፊት ከሐረር ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ በነጋዴ ቅፍለት ወደ ዘይላ ወርዶ፣ ባሕሩን በመርከብ ወደ ኤደን ተሻግሮ ነበር ወደ አውሮፓ የሚሄደው። በሐረር በንግድ ሥራ ተቀምጦ የነበረው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በ1870ዎቹ ለቤተ ሰቡ ይጽፋቸው የነበሩት ደብዳቤዎች በዚሁ የቅፍለት መንገድ የወጡ ናቸው። በዚህ መንገድ ላይ ከነበሩት ማረፊያዎች ዋነኛዋ ጀልዴሳ ነበረች፤ በረሓውን በግመል ያቋረጠው ጭነት የሐረርን ዳገት ለመውጣት ወደ በቅሎና ወደ አህያ ጀርባ የሚዛወረው እዚያ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ፖስታ አቋቋሙ። በዚያኑ ቀን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ መስጠታቸውን ስናስታውስ፣ ፖስታና ባቡር መንትያ ሆነው እንደ ተወለዱ እንረዳለን። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ ከሩብ ግርሽ እስከ 2 ግርሽ የሆኑት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ የሆኑት ሦስቱ ደግሞ የአንበሳ ሥዕል ነበረባቸው። ነገር ግን ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ስላልነበረች፣ ቴምብሩ ከአገር ውጭ አይከበርም ነበር፤ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ካልተጨመረበት አያልፍም። ፈረንሳዮችም በሐረር፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የራሳቸውን ፖስታ ቤት እስከ መክፈት ደርሰው ነበር።

ከዚያ ዘመን ቴምብሮች ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይ በየጊዜው በማኅተም የሚመቱ ቃላት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1902 የተመታው «ቦስታ» ይላል፤ በተከታዩ ዓመት የተመታው ደግሞ «መልክት» ይላል። የመጀመሪያው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣውን ነገር በመጣበት ስም ይጠራዋል፤ ሁለተኛው ቃል የነገሩን ሥራ በራሳችን ቋንቋ ይናገራል። እኔ የሁለተኛው ቃል ወገን ነኝ። ቦስታ የሚባል ቤት በገንዘብ ይሠራል፤ መልክት ግን ለተላከለት ሰው ካልደረሰ መልክት ሊባል አይገባውም።

ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ሥር ደረሰ። ዳገቱን መውጣት ስላልተቻለ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፤ ኋላም ድሬዳዋ ሆነች። የምድር ባቡሩ ማኅበር በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ፉክክር ተይዞ ስለ ቆየ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ዋና ከተማው እስኪደርስ 14 ዓመት ያህል ፈጅቷል ማለት ነው። በነዚያ 14 ዓመታት ለዋና ከተማው የመጣው ደብዳቤ ምን ሆነ? በለገሀር አልቀረም። በእግረኛና በእንስሳ ጀርባ ሆኖ ሜዳውንና ተራራውን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገብቷል። «ሐዲዱ አልቋልና ተቀባዩ ራሱ መጥቶ ይውሰድ» ያለ ሹም አልነበረም። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ያለ ሐዲድ የሄደ ፖስታ፣ ዛሬ ወደ ዋሂል ለመሄድ ምን አቃተው?

በመካከሉ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ሆነች። ማኅበሩ በ1867 ዓ.ም. በስዊስ አገር በበርን ከተማ የተመሠረተ ነው፤ የሃሳቡም መሠረት የአባል አገሮች ምድር ሁሉ ለደብዳቤ እንደ አንድ አገር ይቆጠር የሚል ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ያለ ሌላ መንግሥት ቴምብር ባሕር የሚሻገር ሆነ፤ የፈረንሳይ ፖስታ ቤቶችም ሥራ በዚሁ አበቃ። በ1921 ዓ.ም. የመንግሥቱ የመጀመሪያ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲደርስ ለመታሰቢያው ቴምብር ተዘጋጀ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ።

ይህን ታሪክ በአንድነት ስናየው አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። እያንዳንዱ እርምጃ ከወደብ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከዋና ከተማ ወደ ዓለም የሚወስድ ነው። በዘመኑ ይህ ትክክል ነበር፤ በራስ ቴምብር የመጻፍ ነፃነት ታላቅ ነገር ነበርና መሥራቾቹን ልንወቅሳቸው አይገባም። ወቀሳው የሚገባው፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሥራ እንደ ሙሉ ሥራ ቆጥረን ለተቀመጥነው ለኋለኞቹ ነው። ነገሩንም የሚያስገርመው የጀልዴሳ ዕጣ ነው። በግመል ዘመን የዓለም ደብዳቤ በደጃፏ ያልፍ የነበረችው ጀልዴሳ፣ ሐዲዱ ሌላ መንገድ ስለ ያዘ፣ ዛሬ እንደ ዋሂል ሁሉ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር አካባቢዎች አንዷ ሆናለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ከአስተዳደሩ 341,834 ነዋሪዎች ውስጥ ከ108,000 በላይ የሚሆኑት የገጠር ሰዎች ነበሩ፤ ከሦስት ሰው አንዱ ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ትልቅ የባቡር ከተማ በምትባለው በድሬዳዋ እንዲህ ከሆነ፣ ሐዲድ ሽው ብሎባቸው በማያውቅ አውራጃዎች ያለውን አንባቢ ራሱ ይገምተው።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን ልስማ። የመጀመሪያዎቹ «ስልክ እያለ ፖስታ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ስልክ ድምፅን ያደርሳል፤ ጽሑፍንም ሥዕልንም ያደርሳል፤ እኔም አልክደውም። ማኅተም ያረፈበትን ዋና ሰነድ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያን፣ የይዞታ ማረጋገጫን፣ የትምህርት ማስረጃን፣ የተማሪ መጽሐፍን፣ የዓይን መነጽርን፣ የዘር ናሙናን ግን አያደርስም። በስልክ የታዘዘ ዕቃ በስልክ አይመጣም። በዓለም ላይም የደብዳቤው ቁጥር ሲቀንስ የጥቅል ዕቃው ቁጥር የጨመረው ስለዚህ ነው። ስልክ የፖስታን ሥራ ከፊሉን ወስዶ ከፊሉን አብዝቶለታል።

ከዚህም በላይ ስልክ ራሱ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን በአንድ ሚኒስቴር ሥር አብረው የኖሩ እኅትማማቾች ነበሩ፤ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ለራሱ ቦርድ ተሰጥቶ ተለየ። ከዓመታት በኋላ ስልክ በየተራራው ላይ ማማውን ተክሎ፣ ገበሬውን ከእርሻው መካከል ጠራው። ፖስታ ግን ገበሬውን «አንተው ና» አለው። ሰዎች ስልክ ፖስታን ያሸነፈው አዲስ ስለ ሆነ ይመስላቸዋል። ያሸነፈውስ ሄዶ ስለ ደረሰ ነው።

ከነዚሁ መካከል የዴንማርክን ምሳሌ የሚጠቅሱ አሉ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1624 የተጀመረው የመንግሥት ደብዳቤ እደላ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ቆሟል፤ ወሬው እውነት ነው። ነገር ግን የዴንማርክ ፖስታ ያቆመው የአገሩን ቤት ሁሉ ለዘመናት ሲያንኳኳ ኖሮ፣ ሕዝቡም ከመንግሥት የሚላክለትን ጽሑፍ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መቀበል ከለመደ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥቅል ዕቃ ማመላለሱን አልተወም፤ ደብዳቤውንም ሌላ ድርጅት ተረክቦታል። ደርሶ መመለስና ሳይደርሱ መቅረት አንድ አይደሉም። የጠገበ ሰው ከማዕድ ሲነሣ አይቶ የተራበውም ይነሣ ማለት ፍርድ አይሆንም።

ሁለተኛዎቹ የሒሳብ ሰዎች ናቸው። «ወደ ገጠር ደብዳቤ ማድረስ ኪሳራ ነው፤ ድርጅቱም ራሱን መቻል አለበት» ይላሉ። ይህ ክርክር ክብደት ያለው ስለ ሆነ በቀልድ አላልፈውም። ሂልም ይህ ተብሎበታል፤ እውነቱንም ለመናገር ከማሻሻያው በኋላ የእንግሊዝ ፖስታ የተጣራ ገቢ ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1839 76 ሚሊዮን ያህል የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በተከታዩ ዓመት 169 ሚሊዮን ደረሰ። ነጋዴው ዋጋ ጠየቀ፤ እናት ከልጇ ወሬ ሰማች፤ ሠራተኛው ሥራ አገኘ። ይህ ጥቅም በፖስታ ቤቱ መዝገብ ላይ ባይገባም በአገሩ ሀብት ላይ ገብቷል።

የአሜሪካንም እንይ። በዚያ አገር የከተማው ሰው ደብዳቤውን በደጁ ሲቀበል፣ ገበሬው ግን እንደ ዋሂሉ ገበሬ ራሱ ከተማ ድረስ ሄዶ ያመጣ ነበር። የዐድዋ ድል በተገኘ በሰባተኛው ወር፣ በ1889 ዓ.ም. መስከረም፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በገጠር ቤት ለቤት ማደል በሙከራ ተጀመረ። የአገሩን ግምጃ ቤት ያራቁታል የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1902 ሙከራው ቋሚ ሥራ ሆነ። ፖስታ ቤቱ ደኅና መንገድ ወደሌለበት አልሄድም ስላለ፣ የየአውራጃው ሹማምንት መንገዳቸውን መጠገን ጀመሩ። ስለዚህ «መንገድ ሲኖር ፖስታ ይሄዳል» ለሚለው ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ፖስታ መንገድን ይጠራል።

«እነዚህ ሀብታሞች ናቸው» የሚል ቢኖር ወደ ሕንድ ይመልከት። በሕንድ ከ150,000 በላይ ፖስታ ቤቶች አሉ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚገኙት በገጠር ነው። ይህ ሊሆን የቻለው በየመንደሩ ሕንፃ ተሠርቶ፣ ባለ ሙሉ ደመወዝ ሹም ተሹሞበት አይደለም። አብዛኞቹ የሚጠበቁት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚሠሩ የመንደሩ ተወላጆች ነው፤ ሥራው የሚካሄደውም በኪራይ ክፍል ወይም በሠራተኛው በራሱ ቤት ነው። ድኻ አገር ሩቅ የሚደርሰው በትልቅ ቤት ሳይሆን በብዙ ትንንሽ እጆች መሆኑን ሕንዶች አሳይተዋል።

ሦስተኛዎቹ «በገጠር አድራሻ የለም፤ የመንገድ ስምም የቤት ቁጥርም የለም» ይላሉ። በከተማ የቤት ቁጥር ያስፈለገው ጎረቤት ጎረቤቱን ስለማያውቅ ነው። በገጠር ግን አንድን አባወራ በስሙ፣ በአባቱ ስምና በመንደሩ ጠርቶ ቤቱን ያላገኘ ሰው የለም። ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር፣ ቀበሌ፤ ይህ ከማንኛውም ቁጥር የጠራ አድራሻ ነው፤ የጠፋው አድራሻውን የሚያነብ ሰው እንጂ አድራሻው አይደለም። እርሱም በከተማው መስኮት ከተቀመጠ ጸሐፊ ዘንድ አይገኝም፤ ከዚያው ከቀበሌው፣ ኦሮምኛውን ወይም ሶማልኛውን ከሚናገርና ከሚያነብ የአገሩ ሰው ዘንድ ነው የሚገኘው።

መንቀፍ ብቻውን ሥራ ስላልሆነ የምለውን በግልጽ ላስቀምጥ። መጀመሪያ፣ በየገጠሩ ቀበሌ አንድ የፖስታ ወኪል ይሰየም፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ ወይም ባለ ሱቅ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው የሚቆለፍ ቦርሳ፣ የመቀበያ መዝገብ፣ የቀን ማኅተምና በሥራው ልክ የሚታሰብ አበል ነው፤ ሕንፃ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ ቦርሳው በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ቀን፣ ሳይዛነፍ ይሂድ። ለምሳሌ ቀኑ የገበያ ቀን ቢሆን፣ ወደ ገበያው በሚመላለሰው መኪና በውል ሊጫን ይችላል። ሰው ፖስታን የሚያምነው ስለ ፈጠነ ሳይሆን ቀኑን ስለማይስት ነው። ሦስተኛ፣ የአደራ ደብዳቤ ተቀባዩ በቀበሌው በሚያውቁት ምስክሮች ፊት ፈርሞ እንዲወስድ ይፈቀድ፤ ማንበብ ለማይችለውም ወኪሉ ቃሉን ጠብቆ ያንብብለት፤ ምስጢር ያወጣ ወኪል በሕግ ይጠየቅ።

አራተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። ፖስታ ቤቱ ከከተማ ሣጥን ኪራይ፣ ከፈጣን መልእክትና ከጥቅል ዕቃ የሚያገኘው አለ፤ ከዚህ ላይ ለገጠሩ ቦርሳ የሚወጣው በራሱ ዓምድ ተለይቶ ይጻፍ። የማይበቃውን መንግሥት ይሙላ፤ የሞላውንም በየዓመቱ ለሕዝብ ያስታውቅ። ዛሬ ወጪው የለም እየተባለ ነው፤ ወጪውስ አለ፤ በየሳምንቱ ባዶ እጁን ከከተማ የሚመለሰው ገበሬ ከኪሱ እየከፈለው ነው። እኔ የምጠይቀው አዲስ ወጪ እንዲፈጠር ሳይሆን፣ ያለው ወጪ ከድኻው ትከሻ ወርዶ በመዝገብ ላይ እንዲጻፍ ነው።

ይህ የቸርነት ጉዳይ እንዳይመስል ሕጉንም ላስታውስ። ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ የደብዳቤ ምስጢር በአገራችን ሕግ የተጠበቀ ነገር ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የፖስታ ደብዳቤ እንዳይደፈር ይደነግጋል። መልካም ነው። ነገር ግን ከነጋዴ መሳቢያ ወደ ሾፌር ኪስ፣ ከሾፌር ኪስ ወደ ሻይ ቤት ጠረጴዛ እየተላለፈ የሚሄድ ደብዳቤ ምን ምስጢር አለው? ምስጢሩን የሚጠብቅ ሹም እስከ መጨረሻው ደጅ ካልያዘው፣ አንቀጹ የሚጠብቀው የከተማውን ሰው ብቻ ይሆናል። የዓለም ፖስታ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1999 በቤጂንግ ባደረገው ጉባኤ፣ አባል አገሮች በግዛታቸው ሁሉ ለሕዝባቸው ሁሉ በተመጣጣኝ ዋጋ መሠረታዊ የፖስታ አገልግሎት እንዲያደርሱ የሚለውን ግዴታ በስምምነቱ ውስጥ አስገብቷል። ይኸው ማኅበር በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ልዩ ጉባኤውን በአዲስ አበባ አድርጎ ነበር። እንግዶቹን በክብር ተቀብለናል፤ ቃሉን ግን ገና አልተቀበልንም።

በሥልጣን ላይ ላላችሁ የምለው፣ መጀመሪያ በአንድ ቦታ ሞክሩት ነው። ድሬዳዋ ለዚህ የተመቸች ናት፤ ከተማዋና ገጠሯ በአንድ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ ማን ይክፈል፣ ማን ይዘዝ የሚል ክርክር አይበዛም። ዋሂልንና ጀልዴሳን በሚመስሉ ቀበሌዎች ለአንድ ዓመት ቦርሳው በሳምንት አንድ ቀን ይሂድ፤ ስንት ደብዳቤ ሄደ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ብር ወጣ ተብሎ ይመዝገብ። ቁጥሩ ከፈረደብኝ ዝም እላለሁ። ቁጥር ሳይያዝ «አያዋጣም» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ያልተሞከረ ነገር ከሰረ አይባልምና።

መምህራንም ሥራ አላችሁ። በክፍል ውስጥ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ስታስተምሩ፣ ቀኑንና ሰላምታውን ብቻ አስተምራችሁ አትለፉ፤ የተቀባዩ አድራሻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ደብዳቤውም በማን እጅ አልፎ እንደሚደርስ አስተምሩ። ከገጠር የመጣችሁ ተማሪዎችም የራሳችሁን ቀበሌ ጠይቁ፤ ወደ ቤታችሁ የተላከ ደብዳቤ ስንት ቀን እንደ ፈጀ፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ አባታችሁም እሱን ለመውሰድ ምን ያህል እንዳወጡ ጻፉት። እስከ ዛሬ ያልተጻፈውን ዕዳ መጻፍ የምትጀምሩት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

የዓለም ፖስታ ቀን በየዓመቱ መስከረም 29 ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን ስለ ቴምብሮቻችን ታሪክ ይነገራል፤ ይነገር፤ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ከንግግሩ በኋላ ግን አንድ ቁጥር ይነበብልን፤ ባለፈው ዓመት የፖስታ ቦርሳ በታወቀ ቀን የደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ስንት ናቸው? መልሱ ትንሽ ቢሆን አናፍርበትም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንጨምርበታለን። የሚያሳፍረው ጥያቄው ሳይጠየቅ ቀኑ ሲከበር መኖሩ ነው።